የታዳጊ ሴቶች ቅርጫት ኳስ የዓለም ዋንጫ ምንድን ነው? ለካርቱም ልጆችስ ለምን ራቀ?

በሐምሌ 2023 እ.አ.አ. በቱኒዚያዋ ሞናስቲር የአፍሪካ ከ16 ዓመት በታች የሴቶች ቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና ሲካሄድ፣ በካርቱም ጦርነት ከተቀሰቀሰ ሦስት ወር ሞልቶት ነበር። የኢትዮጵያና የኤርትራ ቤተሰቦች ከሱዳናውያን ጎረቤቶቻቸው ጋር ለዓመታት በኖሩባት በደቡብ ካርቱሟ ጀብራ፣ ውሃና ዳቦ ፍለጋ ከቤት መውጣት እንኳ የሚያስፈራበት ወቅት ነበር። በሞናስቲር ለመሰለፍ አንዲት ተጫዋች ከጥር 1 ቀን 2007 ወዲህ የተወለደች መሆን ነበረባት። በ2007 ለተወለደች የጀብራ ልጅ በዚህ የዕድሜ እርከን የመጨረሻው በር የተከፈተውም የተዘጋውም በእነዚያ የጦርነት ሳምንታት ነው።

ሞናስቲር የመጨረሻው መድረክ አልነበረም፤ ወደ ዓለም ዋንጫ የሚያሳልፍ ማጣሪያ እንጂ። ከዚያ ያለፉት ማሊና ግብጽ በቀጣዩ ዓመት በሜክሲኮ በተካሄደው ከ17 ዓመት በታች የሴቶች የዓለም ዋንጫ ተሳትፈዋል። ይህ ውድድር በ2010 በፈረንሳይ ተጀምሮ በየሁለት ዓመቱ ይካሄዳል፤ የ2020ው በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተሰርዟል። ከ2014 ወዲህ 16 ቡድኖች ይሳተፉበታል። ዋንጫው ከአሜሪካ እጅ የወጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በ2016 በስፔኗ ሳራጎሳ አውስትራሊያ ወስዳዋለች።

ከዚህ ከፍ የሚለው እርከን ከ19 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ነው። ዕድሜው ጠገብ ያለ ነው፤ የመጀመሪያው በ1985 በአሜሪካዋ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ተካሂዶ ሶቪየት ኅብረት አሸንፋለች። ቀድሞ በየአራት ዓመቱ ነበር፤ ዛሬ ግን በየሁለት ዓመቱ፣ ከ17 ዓመት በታቹ ጋር እየተፈራረቀ ይካሄዳል።

የሁለቱም ውድድሮች ጥብቅ ሕግ የልደት ዓመት ነው። በአዋቂዎች ቡድን የተጎዳች ወይም ያልተመረጠች ተጫዋች ቀጣዩን ውድድር ልትጠብቅ ትችላለች። በታዳጊዎች ዘንድ መጠበቅ ማለት ዕድሜ ማለፍ ነው።

መድረኩ ለተጫዋቾች ምን ያህል እንደሚጠቅም የ2021ዱ ከ19 ዓመት በታች ውድድር ያሳያል። በሃንጋሪዋ ዴብሬሴን ኮከብ ተጫዋች ተብላ የተመረጠችው ኬትሊን ክላርክ ከሦስት ዓመት በኋላ በአሜሪካ የሴቶች ሊግ ምርጫ አንደኛ ሆናለች። ለአፍሪካ ደግሞ ያ ውድድር ታሪካዊ ነበር፤ ማሊ ለግማሽ ፍጻሜ የደረሰች የመጀመሪያዋ የአህጉሪቱ ቡድን ሆና አራተኛ ወጣች። የቡድኑ ተጫዋች ሲካ ኮኔ በቀጣዩ ዓመት በኒውዮርክ ሊበርቲ ተመርጣለች።

ይሁንና የማሊን መንገድ እንዳለ ለመቅዳት የሚቸኩል ሰው ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። በዚያው ዓመት ሰኔ ሒዩማን ራይትስ ዎች የአገሪቱ ታዳጊ ሴት ተጫዋቾች በአሠልጣኞቻቸው ጾታዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ይፋ አድርጎ፣ የዓለም አቀፉ ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን (ፊባ) ገለልተኛ ምርመራ እንዲካሄድ ለማዘዝ ተገዷል።

ሱዳን ለጨዋታው እንግዳ አይደለችም። በ1962 በካይሮ በተካሄደው የአፍሪካ የወንዶች ሻምፒዮና ከአዘጋጇ ቀጥላ ሁለተኛ ወጥታለች። የሴቶቹ ታሪክ ግን በሌላ መንገድ ሄዷል። በኦማር አል በሽር የ30 ዓመት አገዛዝ የሴቶች አለባበስና በአደባባይ መታየት በሕዝብ ሥርዓት ሕግ ቁጥጥር ሥር ስለነበር ቁምጣ ለብሶ በአደባባይ መጫወት ቀላል አልነበረም። ሕጉ የተሻረው በኅዳር 2019 ነው፤ ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ በካርቱም የሴቶች እግር ኳስ ሊግ ተጀምሮ ነበር። ከሕጉ መሻር እስከ ጦርነቱ መጀመር ያለው ጊዜ ሦስት ዓመት ተኩል ቢሞላ ነው። አንድ ቡድን ከሕፃንነት ጀምሮ ለማሳደግ አይበቃም።

የቀጣናው ፉክክርም ከባድ ነው። በፊባ አከፋፈል ሱዳን፣ ኢትዮጵያ፣ ኤርትራና ደቡብ ሱዳን የሚገኙት በአምስተኛው ቀጣና ነው፤ የታዳጊ ሴቶች ኃያል የሆነችው ግብጽም በዚሁ ውስጥ ናት። የማይቻል ነገር ግን አይደለም፤ ደቡብ ሱዳን በ2025 በአቢጃን በአዋቂ ሴቶች የአፍሪካ ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳትፋ የነሐስ ሜዳሊያ ወስዳለች።

በጀብራ ለተወለደች የኢትዮጵያውያን ልጅ ከሜዳው በፊት የሚመጣው ጥያቄ የሰነድ ነው። በሱዳን ሕግ በአገሪቱ መወለድ ብቻውን ዜግነት አያስገኝም፤ ስለዚህ ቋንቋው፣ ትምህርት ቤቱና ጓደኞቿ ሁሉ ሱዳናዊ ቢሆኑም የሱዳንን ማሊያ መልበስ አትችልም። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 6 መሠረት አባቷ ወይም እናቷ ኢትዮጵያዊ ከሆኑ እሷም ኢትዮጵያዊት ናት። ለፊባ ግን ይህን የሚያረጋግጠው ፓስፖርት ነው፤ የወጣበት ቀንም ይታያል። ዜግነትን 16 ዓመት ከሞላት በኋላ ያገኘች ተጫዋች በቡድን ውስጥ ለአንድ ሰው ብቻ በተፈቀደው ቦታ ነው የምትሰለፈው። በውድድሩ የስደተኞች ቡድን የሚባል ነገር የለም።

ጦርነት ሰነድ ያጠፋል። ከካርቱም ሸሽተው በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ከገቡት ብዙዎቹ የያዙት መሸከም የቻሉትን ብቻ ነበር። የልደት ማስረጃ ፍለጋ ቢሮ ለቢሮ የሚያልፉት ወራት ደግሞ ከዚያችው ከተቆጠረች የታዳጊነት ዘመን ላይ ይቀነሳሉ።

ከሞናስቲር ቀጥሎ የመጣው የአፍሪካ ከ16 ዓመት በታች ሻምፒዮና በመስከረም 2025 በኪጋሊ ተካሂዷል። የሱዳን ጦር ካርቱምን መልሶ ከያዘ ወራት አልፈው ነበር፤ ጦርነቱ ግን በሌሎች የአገሪቱ ክፍሎች ቀጥሎ ነበር። ለኪጋሊ ዕድሜያቸው የፈቀደላቸው ከ2009 መባቻ ወዲህ የተወለዱት ነበሩ። ውድድሩ በየሁለት ዓመቱ ከቀጠለ ለ2027ቱ የሚደርሱት ከጥር 1 ቀን 2011 ወዲህ የተወለዱት ይሆናሉ፤ ጦርነቱ ሲጀመር ከእነርሱ ትልቋ ገና 12 ዓመቷ ነበር።