ሽሮ ወጥ ከየት መጣ?

በዐቢይ ጾም ወራት አንድ ቀን ከመሥሪያ ቤታችን ባልንጀሮች ጋር ለምሳ ተቀምጠን ሳለ፣ በሽሮ ወጥ ምክንያት ክርክር ተነሣ። አንደኛው ወዳጃችን ቀዩን ወጥ በጣቱ እያመለከተ፣ «ይህ ከንግሥተ ሳባ ዘመን ጀምሮ ሳይለወጥ የቈየ ያባቶቻችን ምግብ ነው» አለ። ሌላው ደግሞ፣ «በርበሬው እኮ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው» ቢለው፣ አገር እንደ ነቀፈ ተቈጥሮበት ምሳው በኵርፊያ ተፈጸመ። እኛም በዚያ ሰዓት ዝም ማለትን መረጥን፤ የሚበቃ ዕውቀት አልነበረንምና። ከዚያ ወዲህ ጥቂት መጻሕፍት አገላብጠን፣ ከመጻሕፍቱም ይልቅ ወላጅ እናታችንን ጠይቀን ያገኘነውን ለአንባብያን ልናካፍል ወደናል። (የምንጠቅሳቸው ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ከሽንብራው እንጀምር። በዚህ በኩል የመጀመሪያው ወዳጃችን ብዙ አልተሳሳተም። ሽንብራ በመጀመሪያ በሰው እጅ የተዘራው ዛሬ ደቡብ ምሥራቅ ቱርክ በሚባለው አገር ይሁን እንጂ፣ ወደ እኛ የመጣው እጅግ አስቀድሞ ነው። ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ ላሊበላ የሚባል ዋሻ አለ፤ ስሙ ይመሳሰል እንጂ የሮሐው ላሊበላ አይደለም። በዚያ ዋሻ የቈፈሩ ተመራማሪዎች ከገብስ ጋር የሽንብራ ቅሪት አግኝተዋል፤ ዕድሜውም ወደ 2 ሺሕ 500 ዓመት ይገመታል። ወጡ የሚቁላላበት የኑግ ዘይት ደግሞ የማንም ብድር የለበትም፤ ኑግን ከዱር አውጥቶ ያለመደው የዚህችው አገር ገበሬ ነው።

በርበሬው ግን ሌላ ታሪክ አለው። አገሩ አሜሪካ ነው፤ ከብዙ ሺሕ ዓመታት በፊት የሜክሲኮና የአካባቢዋ ሕዝቦች ያለመዱት ተክል ነው። ክሪስቶፎር ኮሎምቦስ በ1492 ባሕሩን ሲሻገር ወደ ምሥራቅ አገሮች ወርቅና ቅመም፣ ከቅመሙም ቁንዶ በርበሬ ለመድረስ ተስፋ አድርጎ ነበር፤ የፈለገውን ሳያገኝ ይህን የሚያቃጥል ቀይ ፍሬ አገኘ። እንግዲህ ነገሩን በሒሳብ እናስተውለው። የሮሐን አብያተ ክርስቲያናት ከዐለት ያስፈለፈሉት ንጉሥ ላሊበላ በርበሬ አልቀመሱም። ዐፄ ዓምደ ጽዮንም አልቀመሱም። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1468 ሲያርፉ የኮሎምቦስ መርከቦች ገና አልተነሡም። እነዚህ ነገሥታት የሚያውቁት ቅመም በደቡብ ምዕራብ ጫካዎቻችን የሚበቅሉትን እንደ ኮረሪማና ጥምዝ ያሉትን፣ ከህንድም በነጋዴ እጅ የሚመጣውን ነው።

በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች በምጽዋ በኩል ሲገቡ፣ አብሯቸው የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የጉዞውን ታሪክ ጽፎ ትቶልናል። ለዐፄ ልብነ ድንግል ካቀረቡት ገጸ በረከት አንዱ በርበሬ ነበር፤ ይኸውም የህንዱ ቁንዶ በርበሬ ነው። ለንጉሠ ነገሥት የሚበረከት ዕቃ ምን ያህል ውድ እንደ ነበረ አንባቢ ይፍረድ። ቀዩ በርበሬ በዚያው በ16ኛው መቶ ዓመት በፖርቱጋሎችና በህንድ ውቅያኖስ ነጋዴዎች እጅ በአፍሪካና በእስያ ዳርቻዎች ተሠራጨ፤ ወደ እኛም በዚሁ መንገድ እንደ ገባ የታሪክ ጸሐፊዎች ይገምታሉ። ጭሰኛው ለምን እንደ ተቀበለው ለመረዳት አያስቸግርም። ቁንዶ በርበሬ በገንዘብ ይገዛል፤ ይህ ግን በጓሮ ይበቅላል። ከዚህም የተነሣ የነገሥታት ገጸ በረከት የነበረው ማቃጠል የድኻው ማጀት ገባ። ዛሬ ማረቆን፣ ሀላባን ወይም ቡሬን ለሚያውቅ ሰው በርበሬ እንግዳ ነው ማለት የሚያስቅ ይመስላል፤ ሆኖም እንግዳ ነበረ።

ይህን ሁሉ በአንድ ድስት ያገናኘው ጾም ነው። ባገራችን ሥርዐት በዓመት ለካህናትና ለመነኮሳት እስከ 250፣ ለምእመናን ሁሉ ደግሞ ወደ 180 የሚደርሱ የጾም ቀኖች አሉ። የዓመቱን እኩሌታ ያህል ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና ዕንቍላል ለማይቀምስ፣ ከእርሻም ለማያርፍ ሕዝብ፣ የሚያጠግብ ወጥ ከጥራጥሬ ማውጣት የቅንጦት ነገር አልነበረም። ይህንም ያወጡት ሴቶች ናቸው፤ የአንዲቱም ስም አልተጻፈልንም። «ሥርዓተ ግብር» የተባለው የግዕዝ ጽሑፍ የነገሥታቱን ግብር ይዘረዝራል። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴም በ1887 በእንጦጦ ማርያም ምረቃ እቴጌ ጣይቱ ያደረጉትን ታላቅ ግብር በሰፊው ጽፈዋል። ነገር ግን ጸሐፊዎቻችን ለድግሱ ብራና አልነፈጉም እንጂ፣ በሚያዝያ ረቡዕ ቀን በጎጆ ውስጥ ስለሚንተከተከው ድስት ማን ጻፈ? በዚህ ነገር ቅር እንሰኛለን።

ስለዚህ ወረቀትና ሚዛን ይዘን ወደ እናታችን ሄድን። ዐይናቸው ከደከመ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ የዓመቱን ሽሮ የሚያዘጋጁልን ግን እስካሁን እርሳቸው ናቸው። ሽንብራው ተለቅሞ በምጣድ ለብ ለብ ተደርጎ ይታመሳል፤ ተከክቶ ገለባው ይበጠራል። ዛላው በርበሬ ተቀንጥሶ፣ ከነጭ ሽንኵርትና ከዝንጅብል ጋር ተደልዞ፣ በፀሐይ ደርቆ ይታመሳል። ኮረሪማው፣ ጥቁሩና ነጩ አዝሙድ፣ የደረቀው በሶብላና ጨው ይጨመራሉ፤ ከዚያ ሁሉም ወደ ወፍጮ ይሄዳል። ጓያ ይቀላቅሉ እንደ ሆነ ብንጠይቃቸው ተቈጡ። ጓያ ድርቅ የሚችል እህል ስለ ሆነ በችግር ዘመን ሕይወት ያቈያል፤ ግን ለወራት እርሱን ብቻ አብዝቶ የበላ ሰው እግሩ ሽባ ይሆናል። እናታችን በልጅነታቸው በምርኵዝ የቀሩ ጎረቤቶች ነበሯቸው።

መጠኑን ለመጻፍ ያደረግነው ሙከራ ግን ከሸፈ። «ስንት ጭብጥ በርበሬ ነው?» ስንል፣ «እንደ በርበሬው ነው» አሉን። ለ5 ኪሎ ክክ ያደረጉትን እየነጠቅን በሚዛን ብናስቀምጠው 9 መቶ ግራም ያህል ሆነ፤ ባለፈው ዓመት እኅታችን የመዘነችው ከ1 ኪሎ በላይ ነበር። ተሳስተዋል ብለን ብንነግራቸው ሣቁ። «ልጄ፣ ያምናው ለስላሳ ነበር፤ የዘንድሮው ያቃጥላል። አሽትተው እስቲ» አሉን። አሸተትን፤ አስነጠሰን እንጂ ምንም አልለየንም። በዚያን ጊዜ እንደ ገባን፣ ስንፈልገው የነበረው ቍጥር በየዓመቱ ከዝናቡና ከመሬቱ ጋር የሚለዋወጥ ነው፤ እርሱም በእናታችን አፍንጫ ውስጥ እንጂ በሌላ ስፍራ አልተቀመጠም።

በዚያው ምሽት ወጡን እኛው ልንሠራ ተነሣን። ወንድ ማጀት ገባ ብለው ጎረቤቶች መሣቃቸውን ቸል አልነው። ቀይ ሽንኵርቱን አድቅቀን ከትፈን በዘይት አቁላላን፤ ውሃ ጨምረን ሲፈላ ሽሮውን አንድ ጊዜ ገለበጥነው፤ ወዲያው ጓጐለ። ጥቂት በጥቂት እየነሰነሱ በማማሰያ ማዞር እንደሚገባ ከጥፋታችን በኋላ ተነገረን። ሁለተኛው ድስት ደኅና ያዘ። ከወፈረ ላውጣው ብለን ክዳኑን ስናነሣ፣ እናታችን ከመደባቸው ሳይነሡ፣ «ተወው፤ ገና ጥሬ ነው» አሉ። ድስቱን አላዩትም፤ የሰሙት ድምፁን ነው። ቀጭን ውሃ ሲፈላ ይንጫጫል፤ የበሰለ ሽሮ ግን እያረፈ «ጡፍ፣ ጡፍ» ይላል። አዳመጥን። ከሩብ ሰዓት ያህል በኋላ ድምፁ በእውነት ተለወጠ።

እንጀራ ዘርግተን አቀረብን። እናታችን ሁለት ጊዜ ጐረሱ፤ እኛም ፍርዳቸውን በመጠበቅ እጃችንን ሰበሰብን። ሦስተኛውን ከጐረሱ በኋላ፣ «ሽንኵርቱን ቸኵለህበታል» ብለው ወደ መሶቡ ተጠጉ።