ጎሬ፣ 1928፦ የተሸነፈ ጦር ጽናቱን ከየት ያገኛል?

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ። ከሦስት ቀን በኋላ የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። በዚያ ሳምንት ጠመንጃውን ይዞ የቀረ ወታደር ከጥይት የባሰ ነገር ጎድሎት ነበር። ለማን እንደሚዋጋ የሚነግረው ሰው አልነበረም።

ተስፋው ወደ ምዕራብ ዞረ። ዛሬ የኢሉባቦር ዋና ከተማ መቱ ናት፤ ያኔ ግን ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ጎሬ ነበረች። በቢትወደድ ወልደ ጻድቅ የሚመራው ጊዜያዊ መንግሥት እዚያ ተቀመጠ። ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴም በሽሬ ግንባር የመርዝ ጋዝ ከዘነበበት ጦራቸው የተረፈውን ይዘው በጎጃም በኩል ወደዚያው መጡ።

እኛ ዘንድ ወኔ ሰው ከእናቱ ሆድ ይዞት የሚወጣ ነገር ተደርጎ ይወራል። የቸርችል ሐኪም የነበሩት ሎርድ ሞራን ግን የአንደኛውን የዓለም ጦርነት ምሽግ ያዩ ሰው ናቸው፤ በ1945 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ድፍረትን ባንክ ውስጥ እንዳለ ገንዘብ ቆጠሩት። ወጪ ብቻ ከሆነ ያልቃል። የእምሩ ጦር ከሽሬ ጀምሮ ወጪ ብቻ ነበር።

ገቢውን የፈለጉት ወጣቶች ነበሩ። በስዊድን መኮንኖች ይሠለጥኑ የነበሩትና ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ጦርነት የደረሰባቸው የሆለታ ዕጩ መኮንኖች፣ ውጭ አገር ተምረው ከተመለሱ ወጣቶች ጋር ሆነው ነቀምት ላይ የጥቁር አንበሳ ማኅበርን አቋቋሙ። ሊቀ መንበሩ ጄኔራል አልነበረም፤ የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ። ሰኔ 20 ሌሊት ቦናያ ላይ ያረፉ ሦስት የጣሊያን አውሮፕላኖችን አጠቁ። ጄኔራል ማሊዮኮና አብረውት የነበሩት ሲሞቱ የተረፈው አንድ ቄስ ብቻ ነበር። ለተሸነፈ ጦር እንዲህ ያለ አንድ ሌሊት የስንት ወር ስንቅ ነው።

ከቦናያው ድል ይልቅ ግን የማኅበሩ ደንብ ትኩረት ይገባዋል። አሥር አንቀጽ ነበረው። ጦሩ ለፖለቲካው አመራር እንዲታዘዝ፣ ገበሬ እንዳይበደል፣ ምርኮኛ በሰብአዊነት እንዲያዝ ያዛል። ስደትንም ይከለክላል፤ ንጉሡ ራሳቸው ስደት ላይ እያሉ! አለቃው በሌለበት የሚያዝ፣ ነገ ምን እንደሚደረግና ምን እንደማይደረግ የሚናገር ወረቀት ነበር። በኋላ ራስ እምሩ መሪያቸው ሲሆኑም ደንቡ ቀድሟቸው ነበር።

ሺልስና ጃኖዊትዝ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1948 እ.ኤ.አ. የጀርመን ጦር እየተሸነፈም ለምን እንዳልፈረሰ ሲጽፉ፣ ከፕሮፓጋንዳው ይልቅ ወታደሩን ያጸናው ከጎኑ ያለው የጓድ ቡድን መሆኑን አሳይተዋል። የሆለታ ልጆች ይህን ያወቁት ጥናቱ ሳይጻፍ ነው።

የጎደላቸው ሌላ ነበር። የኢሉባቦርና የወለጋ ገበሬ ሁለት ትውልድ ያህል ጠመንጃ የያዘ ሰው ሲያስገብረው ኖሯል። የተራበ ጦር ደጁ ሲደርስ ያየው ያንኑ ሰው ነው። የምዕራብ ኦሮሞ ባላባቶች በብሪታንያ ሞግዚትነት ሥር ለመሆን በጎሬው የብሪታንያ ቆንስል በኩል አመለከቱ። ገበሬ አይበደል የሚለው አንቀጽ ትክክል ነበር፤ የመጣው ግን ሃምሳ ዓመት ዘግይቶ ነው። የሚያበላውና መንገድ የሚያሳየው ሰው ፊቱን ያዞረበት ወታደር፣ ጓዱ የቱንም ያህል ቢወደው፣ በየሌሊቱ ይሳሳል።

ኅዳር 1929 ጎሬ ተያዘች። በታኅሣሥ ራስ እምሩ ጎጀብ ወንዝ ላይ ተከበው እጃቸውን ሰጡና ወደ ጣሊያን ተወሰዱ፤ የተፈቱት በ1943 እ.ኤ.አ. ነው። አብረዋቸው እጅ የሰጡት ወጣቶች ተርፈው ነበር። ከየካቲት 12 በኋላ ግራዚያኒ የተማረ ኢትዮጵያዊ ሲያስለቅም ግን አብዛኞቹ ተረሸኑ። የብላቴን ጌታ ኅሩይ ልጆች ፈቃደ ሥላሴና ሲራክ፣ የሐኪም ወርቅነህ ልጆች ቢንያምና ዮሴፍ ከእነዚያ መካከል ነበሩ።