አሮጌ የቤት ኮምፒውተርን እንደ ተርሚናል ስለመጠቀም፦ ለድሬዳዋ ከተማ ነዋሪዎች የቀረበ መረጃ

ተርሚናል የሚባለው ተጠቃሚው የሚጽፈውን ወደ ሌላ ማሽን የሚልክ፣ የሚመለስለትንም ውጤት በስክሪኑ ላይ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። ስሌቱም ሆነ የፋይል አያያዙ የሚከናወነው በሌላኛው ማሽን ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ለገበያ የቀረበው ቪቲ 100 የተባለ ተርሚናል ይጠቀምባቸው የነበሩ ትእዛዞች ዛሬም በሊኑክስ ፕሮግራሞች ውስጥ ይሠራሉ። በመሆኑም በሳቢያን ወይም በከዚራ በአንድ ቤት ጥግ የተቀመጠ፣ ለዘመናዊ ፕሮግራም አቅም ያነሰው ኮምፒውተር ኪቦርዱ፣ ስክሪኑና የኔትወርክ መስመሩ እስካሉ ድረስ ለዚህ ሥራ ይበቃል። ሁለቱ ማሽኖች ከአንድ ራውተር ጋር ከተገናኙ በመካከላቸው የሚተላለፈው መረጃ ከቤት ስለማይወጣ የኢንተርኔት ጥቅል አይቀንስም። በርቀት ካለ ማሽን ጋር ሲገናኙም በጽሑፍ የሚሠራ ግንኙነት የሚወስደው ዳታ እጅግ ጥቂት ነው፤ የሌላውን ማሽን ሙሉ ምስል የሚያሳይ ግንኙነት ግን ብዙ ይወስዳል።

ተገልጋዮች በብዛት የሚሳሳቱት በደኅንነት ጉዳይ ነው። ሥራው የሚከናወነው በአዲሱ ማሽን ስለሆነ የአሮጌው ሁኔታ ለውጥ አያመጣም የሚለው ግምት ትክክል አይደለም። የይለፍ ቃሉ የሚጻፈው በአሮጌው ኪቦርድ ነው። በአሮጌው ኮምፒውተር ላይ የተደበቀ ቫይረስ ካለ፣ የፋይዳ ቁጥርም ሆነ የባንክ የይለፍ ቃል ወደ ሌላኛው ማሽን ከመድረሱ በፊት ሊቀዳ ይችላል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ያበቃ ሲሆን፣ ከእርሱ በፊት የነበሩት ከዚያም ቀደም ብለው ተቋርጠዋል። ስለዚህ አስፈላጊ ፋይሎችን ካወጡ በኋላ ዲስኩን ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ ሊኑክስ መጫን ይመከራል። ባለ 32 ቢት ማሽን ያላቸው ደቢያን 12ን ሊጠቀሙ ይችላሉ፤ ደቢያን 13 በእነዚህ ማሽኖች ላይ አይጫንም።

ለግንኙነቱ ኤስ ኤስ ኤች የተባለው ፕሮግራም ያገለግላል። በአንዳንድ አሮጌ መመሪያዎች የሚጠቀሰው ቴልኔት የይለፍ ቃልን ሳይመሰጥር ስለሚልክ በቤት ውስጥም ቢሆን ሊቀር ይገባል። ኤስ ኤስ ኤች ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገናኝ የሌላኛውን ማሽን መለያ አሳይቶ ማረጋገጫ ይጠይቃል። ብዙዎች ሳያነቡ “አዎ” ይላሉ፤ መለያውን በዋናው ማሽን ላይ ከሚታየው ጋር ማመሳከር ግን የሚወስደው አንድ ደቂቃ ብቻ ነው።

መብራት ሲጠፋ ተርሚናሉ ይዘጋል። ዋናው ማሽን ባትሪ ያለው ላፕቶፕ ከሆነ መሥራቱን ይቀጥላል፤ ሆኖም ግንኙነቱ ሲቋረጥ በዚያ የተጀመረው ፕሮግራም አብሮ ሊቆም ይችላል። ሥራው አስቀድሞ ቲሙክስ በተባለ ፕሮግራም ውስጥ ከተከፈተ ግን መብራት ሲመለስ ካቆመበት ይገኛል። ረጅም ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ተማሪ ይህን ቢለምድ ብዙ ድካም ይቀርለታል።

የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 የተካተተ ቢሆንም፣ አዲስ በተጫነ ሊኑክስ ጥቁር ስክሪን ላይ አማርኛ በአብዛኛው በፊደል ፋንታ ባዶ ምልክት ሆኖ ይታያል። በደቢያን የኮንሶል ቅንብር ውስጥ የኢትዮጵያ ፊደል ስብስብንና ጎሃ የተባለውን ፎንት በመምረጥ ማንበብ ይቻላል። በአማርኛ ለመጻፍ ግን ቀለል ያለ ዴስክቶፕ ጭኖ ተርሚናሉን በመስኮት መክፈት ይሻላል።

ከውጭ አገር በዘመድ የተላከ ኮምፒውተር ከመሰካቱ በፊት ጀርባው ይታይ። በአንዳንድ ፓወር ሰፕላይ ላይ 115 እና 230 የሚል ትንሽ መቀየሪያ አለ፤ በ115 ላይ እንዳለ ከ220 ቮልት መስመር ጋር ከተገናኘ ይቃጠላል። በድሬዳዋ ሙቀትና አቧራ ፋኑ ስለሚታፈን፣ ማሽኑ ከመሰኪያው ተነቅሎ በየጊዜው ሊጸዳ ይገባል። ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር ቀኑ የሚዛባ ከሆነ በማዘርቦርዱ ላይ ያለው ክብ ባትሪ አልቋል ማለት ነው። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ይሁንና በተዛባ ቀን ብዙ ድረ ገጾች፣ የመንግሥት አገልግሎት ገጾችም ጭምር፣ በብራውዘር አይከፈቱም።

ተርሚናሉ ሊገናኝ የሚገባው የተጠቃሚው ንብረት ከሆነ ወይም ባለቤቱ ከፈቀደለት ማሽን ጋር ብቻ ነው። ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው ወይም ተቋም ኮምፒውተር መግባት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣል፤ የይለፍ ቃሉን ማወቅ ብቻውን ፈቃድ አይሆንም።