ፊልም በሐኪም ትእዛዝ

ወደ ሲኒማ ቤት የሚገባ ሰው ሁሉ የቀኑን ድካም ለመርሳት ብቻ የሚገባ ይመስላችኋልን? የአእምሮ ሐኪሞች ፊልምን ለሕመምተኞቻቸው የቤት ሥራ አድርገው የሚያዝዙበት ልማድ አለ። ታሪኩ እንደሚከተለው ነው፤ ዓመታቱም ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ከመጽሐፍ ነው። የጥንቱ ታሪክ ጸሐፊ ዲዮዶሮስ፥ በአንድ የግብፅ ንጉሥ ቤተ መጻሕፍት ላይ ስፍራው የነፍስ መፈወሻ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ እንደ ነበረ ያወሳል። በ1916 ደግሞ አሜሪካዊው ሳሙኤል ክሮዘርስ በመጻሕፍት ለማከም የተለየ ስም ሰጠው።

ፊልምም ከዚህ ዕውቀት ጋራ የተዋወቀው ቀደም ብሎ ነው። በ1926 ፓብስት የተባለው አዘጋጅ «የአንዲት ነፍስ ምሥጢሮች» የተሰኘውን ድምፅ አልባ ፊልም በጀርመን ሲያወጣ፥ የፍሮይድ ተከታዮች የነበሩት ካርል አብርሃምና ሃንስ ሳክስ አማካሪዎቹ ነበሩ። ፍሮይድ ራሱ ግን ረቂቁ ሐሳቡ በሥዕል ሊገለጥ አይችልም ብሎ አልተባበረም።

ይሁን እንጂ ስለ ሕክምና የሚናገር ፊልም ሌላ፥ ለሕክምና የሚታዘዝ ፊልም ሌላ ነው። ለዚህኛው ሁለት ነገሮች መንገድ ጠረጉለት። አንደኛው፥ አሮን ቤክ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ባስፋፋው ሕክምና ለሕመምተኛው በቤቱ የሚፈጽመው ተግባር መሰጠቱ ነው። ሁለተኛው፥ በ1976 በጃፓን የወጣው የቪ.ኤች.ኤስ. ካሴት ፊልምን ከአዳራሽ ወደ መኖሪያ ቤት ማስገባቱ ነው። በ1998 ጆንና ጃን ሄስሊ ያወጡት መጽሐፍ ገና በርእሱ፥ ሁለት ፊልም ተከራይታችሁ እዩና ጧት እንነጋገር የሚል ነበር።

በ1980 ሮበርት ሬድፎርድ ያዘጋጀውን «ተራ ሰዎች» የተባለውን ፊልም ለምሳሌ እንውሰድ። ታላቅ ወንድሙ በውኃ ሰጥሞ ሲሞት እርሱ በሕይወት የተረፈ ልጅ፥ መትረፉን እንደ በደል ቈጥሮ ይሠቃያል፤ እናቱም ኀዘኑን በዝምታ ትቀብረዋለች። እንዲህ ያለ መከራ የደረሰበት ሰው «እኔ» ብሎ መናገር ቢያቅተው፥ «ያ ልጅ» ብሎ መጀመር አያቅተውም። ሰሙ የባዕድ ታሪክ ነው፤ ወርቁ የራሱ ሕይወት ነው። ወርቁን ለማግኘት የሚረዳውም ሐኪሙ ነው።

ፊልም ብቻውን ግን አይፈውስም። ቁስሉን ሳይዘጋጅ ያየ ሰው ሕመሙ ሊብስበት ይችላልና፥ ሐኪሙ ፊልሙን አስቀድሞ ሊያየው፥ ሕመምተኛውንም ሊያውቀው፥ ከታየም በኋላ ሳይዘገይ ሊያነጋግረው ይገባል።

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እናንተም በቤታችሁ ወይም በመሥሪያ ቤታችሁ ኀዘኑን በዝምታ የሚሸከም ሰው ብታዩ፥ በባዕድ ታሪክም አሳብባችሁ ቢሆን ንግግር ክፈቱለት፤ ሸክሙ የከበደ ከሆነም ወደ ሐኪም ምሩት።