ጋፋት ያቀለጠው፣ ኤልያስ ያላቀለጠው

ከእኛ ከተማ ከአንበሳሜ ብዙም ሳይርቅ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት አለች። አፄ ቴዎድሮስ በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አውሮፓውያን ሚሲዮናውያንና የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ ያሠሩት እዚያ ነው። ትልቁ፣ ሴባስቶፖል፣ 7 ቶን ገደማ ይመዝናል፤ መቅደላ ድረስ በሰው ጉልበት ተጎትቶ ሄደ። ይሄን ሁላችንም እናውቃለን። እኔን የሚያስበኝ ሌላ ነገር ነው። ብረት ሲቀልጥ የድሮ መልኩን ይረሳል። ድስት ይሁን ደወል፣ እሳት ከገባ በኋላ ማን እንደነበረ የሚነግረን የለም።

ኤልያስ ስሜ አያቀልጥም። በ1968 (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ተወልዶ፣ በ1990 ከአዲስ አበባ የስነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመረቀ። መጀመሪያ ሸራ ላይ ክርና የልብስ ቁልፍ ይሰፋ ነበር። በኋላ «ታይትሮፕ» በሚለው ተከታታይ ሥራው ወደ ማዘርቦርድ፣ ወደ ኪቦርድ ቁልፍና ወደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ዞረ። ዕቃውን የሚያገኘው መርካቶ ነው። ሰፈር ለሰፈር «ቆራሌው!» (ቆርቆሮ ያለው ማለት ነው) እያሉ የሚዞሩትን ልጆች ታውቋቸዋላችሁ፤ እነሱ የሚለቅሙት አሮጌ ዕቃ ምናለሽ ተራ ይገባና ተፈትቶ፣ ተለይቶ ይሸጣል። ኤልያስ ሽቦውን እንደ ሹሩባ ጎንጉኖ እንጨት ላይ ይደረድረዋል። ከሩቅ ስታዩት ከአውሮፕላን የታየ እርሻ ይመስላል። ጠጋ ስትሉ ግን ሽቦው ያው ሽቦ ነው።

እኔ ኮድ የምጽፍ ሰው ነኝ። ማዘርቦርድ ሳይ «ሚሞሪው የቱ ጋ ነው? ፓወሩ በየት ይገባል?» ማለት ልማዴ ነው። እሱ ሥራ ፊት ይሄ አይሠራም፤ የማውቀው ዕቃ የማላውቀውን ነገር ይሆንብኛል። አንድ የሚያስቀኝ ነገርም አለ፦ ፈረንጅ ተጠቅሞ የጣለው ኮምፒውተር መርካቶ ደርሶ፣ ተፈትቶ፣ በ2022 ቬኒስ ቢየናሌ ላይ ተሰቅሎ ይታያል።

ኤልያስና አንትሮፖሎጂስቷ መስከረም አሰግድ በ2019 መካኒሳ ላይ ዞማ ሙዚየምን ከፈቱ። ስሙ በወጣትነቷ በካንሰር ካረፈችው ሰዓሊ ከዞማ ሽፈራው የመጣ ነው። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ከጭድ ጋር ተቦክቶ፣ ተብላልቶ፣ ላዩ ላይ ቅርጽ ወጥቶበት። አንበሳሜ ያደገ ሰው ይሄን ሽታ በደንብ ያውቀዋል።

እኛ ሰፈር ግን ሰው እጁ ላይ ትንሽ ብር ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው ጭቃ ቤቱን አፍርሶ በብሎኬት መሥራት ነው። አልፈርድም። ምስጥ ማገሩን ይበላዋል፣ ክረምት ምርጊቱን ያጥበዋል፣ በየዓመቱ ጭቃ መርገጥ ቀልድ አይደለም። ለእናቴ «እማዬ፣ አዲስ አበባ በጭቃ የተሠራ ሙዚየም አለ» ስላት «ማን ይመርገዋል?» አለችኝ። ስለ ዞማ ከተጻፉት ካነበብኳቸው ውስጥ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አላየሁም። ቤቱ የሚቆመው መምረግ የሚችል ሰው እስካለ ድረስ ነው፤ ጭዱ ስንት ቀን እንደሚብላላ የሚያውቁት ደግሞ አሁን እየሸመገሉ ነው። መካኒሳ ላይ ይሄ ሙያ ደመወዝና ክብር አለው፤ አንበሳሜ ላይ የድሃ ሥራ ነው።

ባለፈው ክረምት ጎረቤታችን ቤታቸውን አፈረሱ። ቆርቆሮው ለአጥር ሆነ፣ ማገሩ ለማገዶ፣ በሩ ለአዲሱ ኩሽና። ጭቃውን ጓሮ በተኑት፤ ዘንድሮ ጎመን በቅሎበታል።