ስለ ሥጋ በል ዳይኖሰሮች፦ የአሶሳ ድንጋይ ምን ይመሰክራል?

ከመካከላችን አንዱ የአሶሳ ልጅ ነው። ከዕረፍት ሲመለስ ወርቅ አጣቢ አጎቱ የሰጡትን ነጭ፣ ጫፉ የሾለ ድንጋይ ይዞ መጣ። መኝታ ክፍል ተሰብስበን አገላብጠን አየነውና «ይሄማ የዳይኖሰር ጥርስ ነው!» ብለን ፈረድን። «በምን አወቅን?» ያለ አንድም ሰው አልነበረም። ሥነ ምድር የሚያጠና ጓደኛችን ግን አይቶት ሳቀ፤ ለካ ኳርትዝ ኖሯል። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን ያ እፍረት ነው።

የመጀመሪያው ስሕተታችን «ያረጀ ድንጋይ ሁሉ አጥንት አያጣም» ማለታችን ነው። ዳይኖሰሮች ብቅ ያሉት የዛሬ 230 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው፤ ወፎች ሲቀሩ የጠፉት ደግሞ የዛሬ 66 ሚሊዮን ዓመት። ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን ለአዲስ አበባ ወርቅ ይገብሩበት የነበረው የአሶሳና የአካባቢው መሠረታዊ ዐለት ግን ከ540 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። በ2003 ዓ.ም. ተጀምሮ በ2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ጉባ ላይ የቆመውም በዚሁ ዓይነት ጥንታዊ ዐለት ላይ ነው። እንግዲህ በዚያ ዐለት ውስጥ ዳይኖሰር መፈለግ፣ ልጅን ከአያቱ ሠርግ ላይ እንደ መፈለግ ይሆናል።

ታዲያ አገራችን ምንም የላትም ወይ? አላት እንጂ! ዐባይን ሽቅብ እንከተል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን ቁልቁል የወረደ ሰው ከላይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከሥሩ አሸዋ ድንጋይ፣ ዝቅ ሲል ደግሞ የኖራ ድንጋይ ያያል። የዳይኖሰር ዘመን የተጻፈው እዚህ ነው። በሙገር ወንዝ ስም ከሚጠራው የጭቃ ድንጋይ ንጣፍ የተገኙ የሥጋ በልና የሣር በል ዳይኖሰሮችን ጥርሶች ማርክ ጉድዊንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1999 እና በ2011 ባሳተሟቸው ጥናቶች ገልጸዋል። ዕድሜያቸው 150 ሚሊዮን ዓመት ግድም ነው። ሥጋ በሎቹ ዕድሜ ልካቸውን ጥርስ ይቀያይሩ ስለ ነበር፣ የወደቀ ጥርስ ሁሉ የሞተ አውሬ ምልክት አይደለም።

ሁለተኛው ስሕተት «ትልቅ ሥጋ በል» ሲባል ሁሉንም ታይራኖሰረስ ሬክስ ማድረጋችን ነው። እሱ የኖረው በሰሜን አሜሪካ ነው፤ አፍሪካን አልረገጠም። በዘመንም ቢሆን ከሙገሮቹ ይልቅ ለእኛ ይቀርባል! እ.ኤ.አ. የ1993ቱ ፊልም «ጁራሲክ» ቢለውም፣ እውነተኞቹ የጁራሲክ ዘመን ሰዎች፣ ይቅርታ አውሬዎች፣ የእኛዎቹ ናቸው። ያልተንቀሳቀሰን አያይም የተባለውም የፊልም ወሬ ነው፤ ዓይኖቹ ወደ ፊት የዞሩ፣ አጥርተው የሚያዩ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1915 ኒው ዮርክ ሙዚየም ውስጥ ጅራቱን እየጎተተ ቀጥ ብሎ እንዲቆም የተደረገውም ቆይቶ ታረመ፦ አካሉ አግድም፣ ጅራቱ ሚዛን መጠበቂያ ሆነ።

ሦስተኛው፣ ሰውና ዳይኖሰር አብረው ኖሩ ማለት ነው። ድንቅነሽ እንኳ የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ሰው ናት፤ በመካከሉ ከ60 ሚሊዮን ዓመት በላይ አለ።

የአፍሪካን ጉዳይ ካነሣን ግን አንድ የሚያስቆጭ ታሪክ አለ። ጀርመናዊው ኤርንስት ሽትሮመር ከግብፅ ባሕሪያ የተገኘውን ስፓይኖሰረስ እ.ኤ.አ. በ1915 ሰየመው። በጦርነቱ ጊዜ «አጥንቱን ወደ ደኅና ቦታ እናሽሸው» ብሎ ቢለምን አለቆቹ እምቢ አሉ። በሚያዝያ 1944 ሙኒክ በቦምብ ስትደበደብ አጥንቱ ዐመድ ሆነ። ሥዕሉና ጽሑፉ ግን ቀርተዋል።

እኛ ከዚህ የምንማረው ይህን ነው፦ ማስረጃ ይጠፋል፤ ወሬ ግን አይጠፋም። ስለዚህ ድንጋይ ያገኘ ወንድማችን ከየት ሥፍራ፣ ከየትኛው ንጣፍ እንዳነሣው ይጻፍ፤ ለሚያውቅም ያሳይ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ! የጓደኛችን ኳርትዝ አሁንም መስኮቱ ላይ ተቀምጧል፤ ጥርስ ባይሆንም ጥያቄ አስተምሮናል።