የተቋም ብልሽት

አንድ መሥሪያ ቤት ሕንፃው፣ ማኅተሙና ሠራተኛው እያለ የተቋቋመበትን ሥራ መሥራት ሲያቅተው የሚፈጠር ሁኔታ። ሙስና ብቻውን አያመጣውም፤ ይበልጥ ሥር የሚሰደው መረጃ የሚያሰናዳውና የሚያጣራው እጅ አንድ ሲሆን ነው። በአዲስ አበባ በሰፊው የሚታወቀው አብነት የሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. የኮንዶሚኒየም ዕጣ ነው። ከአየር ጤና እስከ የካ፣ በ1997 ተመዝግቦ በንግድ ባንክ ሲቆጥብ የኖረው ሁሉ የጠበቀው ይህ ዕጣ ከ25 ሺህ በላይ ቤቶችን ይዟል። የቁጠባ መስፈርቱን ያላሟሉ ሰዎች መካተታቸው ሲደረስበት የከተማ አስተዳደሩ በቀናት ውስጥ ሰረዘው፤ ኃላፊዎችና ባለሙያዎችም ታሰሩ። ዕጣው ኅዳር 2015 በድጋሚ ወጣ። ብዙ የተወራው ስለ እስሩ ነው፤ ዋናው ብልሽት ግን ማጣራቱ ዕጣው ከወጣ በኋላ መምጣቱ ነበር።